ደጅ የሌለው ሱቅ

የአዲስ አበባ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአራዳ ይቆም በነበረበት ዘመን፥ ሻጭና ገዢ የሚገናኙት ፊት ለፊት ነበር። ቅዳሜ ዕለት በቅሎ የገዛ ሰው የተሰወረ ሕመም ያገኘባት እንደ ሆነ፥ ሻጩን በሚመጣው ቅዳሜ በዚያው ስፍራ ይፈልገዋል፤ እርሱን ቢያጣ ጎረቤቱን ወይም ዋሱን ያገኛል። ነገሩ በሁለቱ መካከል ባያልቅም የገበያው ሹም ነጋድራሱ ዳኝነት ያይ ነበር። ይህን ስንል በዚያ ዘመን አታላይ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ አታላይማ ገበያ ከቆመበት ቀን ጀምሮ አለ። ነገር ግን ያን ጊዜ አታላዩም እንደ ሌላው ሰው የሚታወቅ ፊት ነበረው፤ የሚቀመጥበትም ስፍራ አይጠፋም ነበር።

ጣልያን አገራችንን በያዘበት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፥ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ተዛወረ፤ ለአራዳም ፒያሳ የሚለው የባዕድ ስም ቀረላት። ሱቆቿ ግን አልጠፉም። ወርቅ ሠሪው፥ ሰዓት አዳሹ፥ ልብስ ሰፊው፥ የሸክላና የሬዲዮ ነጋዴው እያንዳንዱ በደጁ ይታወቅ ነበር። ያገለገለ ሬዲዮ የሚሸጠውም ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ አዳሽ ስለ ነበረ፥ ዕቃው ድምፁ የታፈነ እንደ ሆነ በክንድ ታቅፎ ወደዚያው ደጅ መመለስ ነበር። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም በሌሎች ገዢዎች ፊት አልመልስም ለማለት ያፍራል። እፍረትም ለንግድ ምን ያህል እንደሚጠቅም የታወቀን ዛሬ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙው የፒያሳ ክፍል፥ ዶሮ ማነቂያም ጭምር፥ በፈረሰ ጊዜ ነጋዴዎቹ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። ከምናውቃቸው አንዳንዶቹ በሌላ ሰፈር ቤት ተከራዩ፤ አንዳንዶቹ ግን ሱቃቸውን በእጅ ስልካቸው ውስጥ ከፈቱት። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ ከውጭ አገር የሚመጣ አዲስ ዕቃ ለብዙ ቤተ ሰብ የማይደረስበት ሆነ። ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አባት ያገለገለ ላፕቶፕ ከመፈለግ በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ የሚፈልገውም በቴሌግራም ነው። እኛም ይህን አንነቅፍም፤ በዚህ መንገድ ደኅና ዕቃ በደኅና ዋጋ ያገኙ ብዙ ሰዎች እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ሱቅ ደጅ የለውም። ሻጩ ስሙን በአንድ ሌሊት ለውጦ፥ የስልክ ቁጥሩን ዘግቶ፥ በማግሥቱ እንደ አዲስ ነጋዴ ሊነሣ ይችላል።

የማታለያው መንገድ ብዙ ነው። አንዱ የሌላ ሰው ዕቃ የተነሣበትን ፎቶግራፍ አሳይቶ፥ «ሌላ ገዢ መጥቶብኛልና ቀብድ ቶሎ ይላኩልኝ» ማለት ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የዓይን ጥቅሻ ያህል ሆኗል፤ መመለሱ ግን እንዲህ አይደለም። ሌላው የስልኩን የውስጥ ዕቃ ለውጦ መስተዋቱን ወልውሎ ማቅረብ ነው፤ የባትሪውን ድካም የሚሰውርም አለ። ገዢውን በመሸ ጊዜ በመንገድ ዳር ቀጥሮ የሚያጣድፈውም ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ነው፤ የሚቸኩል ሻጭ ለምን እንደሚቸኩል መጠየቅ ይገባል። በእውነቱ ገዢውም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ ያልከፈለውን ገንዘብ እንደ ከፈለ የሚያሳይ የሐሰት ደረሰኝ በስልኩ ላይ ሠርቶ ዕቃ የሚወስድ አለ። መጽሐፈ ምሳሌም የሚናገረው ስለ ሐሰት ሚዛን ብቻ አይደለም፤ በገበያ ዕቃውን እያናናቀ ገዝቶ፥ ሲሄድ ግን ስለሚመካውም ገዢ ይናገራል።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ቀብድ የተቀበለ ሰው ሌላ ስምምነት ሳይኖር ውሉን ቢያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት በተንኮል የሰወረ እንደ ሆነም፥ «ኀላፊ አይደለሁም» የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባ እንኳ አይጠቅመውም። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን ሳይውል ሳያድር መርምሮ፥ ጉድለት ያገኘበት እንደ ሆነ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በዚህ ነው። በስልክ የተለዋወጡት ጽሑፍ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንደማያጣ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደንግጓል። ስለዚህ በንዴት መልእክቱን መደምሰስ ምስክርን በገዛ እጅ እንደ ማባረር ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ዩኒቨርሲቲ ለምትገባው ልጃቸው ከዕቁብ ባገኙት 32,000 ብር ያገለገለ ላፕቶፕ በዚህ መንገድ ገዙ። ሻጩ የቀጠራቸው በራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፥ በመሸ ጊዜ ነበር። ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ ታየ፤ መልኩም ሥራውም ደኅና ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ የቀድሞውን ሰው ጽሑፍ ሁሉ አጥፍታ ከኢንተርኔት ጋር ባገናኘችው ጊዜ ግን፥ የአንድ ድርጅት ስም በመስኮቱ ላይ ወጣና የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ጠየቀ። ዕቃው የመሥሪያ ቤት ንብረት ኖሯል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከዚያ ወዲያ አያልፍም። ሻጩም ስልኩን ዘጋ።

በዚያ ምሽት ስለ ነገሩ ለመምከር በቤታቸው ተሰብስበን ሳለን የእኅታቸው ልጅ እንዲህ አለ፦ «እትዬ፥ ምን ያስጨንቅዎታል? የቀድሞውን አድርጌ አስከፍቼው በሁለት ቀን እሸጥልዎታለሁ። ገዢው ቤቱ ገብቶ የሚሆነውን ይሁን፤ ለእኛስ ማን አዘነልን?»

ይህን የተናገረው ክፉ ልጅ አይደለም፤ ለአክስቱ አዝኖ ነው። ከተሰበሰብነውም መካከል ወዲያው የተቃወመው አልነበረም፤ 32,000 ብር ለዚያ ቤት የአንድ ዓመት ቁጠባ ነበርና። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፥ «ልጄ፥ ያገለገለ የሚገዛ ሀብታም አለ? የሚገዛው እንደ እኔው ያለ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ስለ መሸጥ አልተነሣም።

የቴሌብር መልእክቱ የተቀባዩን ስም ይዞ ስለ ነበረ፥ ቀድሞ በፒያሳ ስልክ ያድስ የነበረ አንድ ሰው በስሙ ዐወቀው። ሻጩ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ጎልማሳ ነው፤ መልእክት ብንልክበት ከአጎቱ ጋር መጣ። እኛ የጠበቅነው ክርክር ነበር። እርሱ ግን ራሱን ደፍቶ፥ ኮምፒዩተሩን ከአራት ወር በፊት በዚያው በስልክ ገበያ ከማያውቀው ሰው እንደ ገዛ፥ ያው የድርጅት ስም እንደ ወጣበት፥ አንድ ወዳጁም ለጊዜው እንዲከፈት አድርጎለት ገንዘቡን ለማውጣት እንደ ሸጠው ነገረን። ያ የእኅት ልጅ ይህን ሲሰማ ወደ መሬት ተመለከተ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የአንድ ምሽት ምክር ብቻ ነበር።

ገንዘቡን በሦስት ጊዜ ለመመለስ ተስማማ፤ በሁለት ምስክር ፊትም ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ያከራከረን ነገር መጣ፤ ጎልማሳው ኮምፒዩተሩ ይመለስልኝ አለ። በተለመደው ፍርድ ልክ ነው፤ ገንዘብ የመለሰ ሰው ዕቃውን ይወስዳል። እኛ ግን አይሆንም አልን፤ በእጁ የገባ እንደ ሆነ ለሦስተኛ ሰው እንደሚሸጠው ፈራን፤ ንብረቱም በላዩ ስሙ የተጻፈበት ባለቤት አለውና። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ዕቃ መሸጥና መግዛትን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቀጣል፤ እንግዲህ ከዚያ ምሽት በኋላ አላወቅንም ማለት ለማንኛችንም አይቻልም ነበር። አጎትየው ተቈጣ፤ «ልጁ ሁለት ጊዜ ይክሰር ትላላችሁን?» አለን። ከጎረቤቶቻችንም አንዳንዶቹ ጨክናችኋል ብለው እስከ ዛሬ ይወቅሱናል። የአጎትየው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ጎልማሳው በእርግጥ ሁለት ጊዜ ከሰረ። ነገር ግን ኪሳራው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲዞር ከኖረ የሚቆምበት አንድ ደጅ ያስፈልገው ነበር፤ ደጁ የእርሱ መሆኑን እኛ አልመረጥንም።

በማግሥቱ እናትየው፥ ጎልማሳውና እኛ አብረን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ፖሊስ የሁላችንንም ቃል ተቀብሎ ኮምፒዩተሩን በደረሰኝ ተረከበ፤ ራሱ ይዞ የመጣ ስለ ሆነም በዚያ ቀን ወደ ቤቱ አሰናበተው። ልጅቱ ያንን የትምህርት ዘመን አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ተጠቀመች። የተመለሰው ገንዘብ በተጠራቀመ ጊዜ ሌላ ላፕቶፕ ገዙ፤ ይህኛውን ግን ከሱቅ፥ በቀን ብርሃን፥ መለያ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ተጽፎ፥ በባለሱቁም ፊት የቀድሞው ጽሑፍ ሁሉ ጠፍቶ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው የከፈሉት። ዋጋው በ4,000 ብር በለጠ።

ጎልማሳው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍያዎች በቀጠሮው ላከ። ሦስተኛው ዘገየ፤ አንድ ወር ከዐሥር ቀን ካለፈ በኋላ ግን ራሱ ይዞት መጣ። እናትየው ቡና አፍልተው አስቀመጡት። ሲነሣም፥ ለእርሱ የሸጠለትን ሰው የቀድሞ ስልክ ቁጥርና የተለዋወጡትን ጽሑፍ ከስልኩ ፈልጎ አግኝቶ ለፖሊስ እንደ ሰጠ ነገረን።