«ፎርማት ይደረግ»

በአገራችን ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ። ቢዘገይ ፎርማት ይደረግ። ቫይረስ ቢገባበት ፎርማት ይደረግ። ድምፅ እምቢ ቢል ፎርማት ይደረግ። ጨርሶ አልነሳ ቢልም ያው ፎርማት ይደረግ! ራሱን ላመመውም፣ ሆዱን ለቆረጠውም፣ እግሩን ወለም ላለውም አንድ ዓይነት ክኒን ቆጥሮ እንደሚሰጥ ሰው ማለት ነው።

ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ፤ የመጨረሻዋ ግን ደሜን ታፈላዋለች። ፎርማት ማድረግ ማለት እኮ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠራርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ማብሪያውን ሲጫኑት ስክሪኑ ጥቁር እንዳለ የሚቀር ኮምፒውተር ደግሞ ገና ዊንዶውስ ጋ አልደረሰም። ደጃፍ ላይ ለወደቀ እንግዳ ጓዳውን ምን አስጠረገው?

ነገሩ ቅደም ተከተል አለው። መብራት ከግድግዳው ተነስቶ ፓወር ሰፕላይ ወደምትባለው የቆርቆሮ ሳጥን ይገባል። እሷ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ትመነዝርና «ምንዛሪዬ ትክክል ነው» የሚል ምልክት ለማዘርቦርዱ ትልካለች። ይህ ምልክት ካልመጣ ፕሮሰሰሩ ንቅንቅ አይልም። ከመጣ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠችውን ባዮስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል። ባዮስም እንደ ክፍል አለቃ ስም ትጠራለች፦ ራም? አቤት። የስክሪን ካርድ? አቤት። ኪቦርድ? አቤት። ስም ጠርታ ስትጨርስ ነው ወደ ሃርድ ዲስኩ ሄዳ ዊንዶውስን የምትቀሰቅሰው። ፎርማት የሚጠቅመው (ከጠቀመ) ለዚህ ለመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እንዳይመስላችሁ። የተመረቅሁት በጋዜጠኝነት ነው። ያወቅሁት በእታለም ምክንያት ነው።

እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ባሕር ዳር ላይ፣ ከፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቅ ቦታ አንዲት ክፍል ተከራይታ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ትሠራለች። ያላት አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ዕድሜ የጠገበ ዴስክቶፕ ነው። ያ ዴስክቶፕ የስንት ሰው ጉድ ይዟል መሰላችሁ! ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት ማስታወሻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ... ደንበኛ ይመጣና «እታለም፣ ያቺን የአምናዋን አውጪልኝ» ይላታል። ታወጣለታለች፣ ቀኑን ትቀይራለች፣ ታትማለች። እንጀራዋ እሱ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. አንድ ረፋድ ላይ መብራት ሄደ፤ መጣ፤ እንደገና ሄደ፤ እንደገና መጣ። ከዚያ በኋላ ዴስክቶፑ እምቢ አለ። የዚያን ሰሞን የማስተርስ ተማሪ የሆነ አንድ ደንበኛ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ አምስት ቀን ቀርቶታል። አማካሪው በእስክሪብቶ ያረሙለትን ሁሉ እታለም ለሦስት ሳምንት ስታስገባ ነው የከረመችው። እሱ ፍላሽ ላይ ያለው የዱሮው፣ እርማት ያልገባበት ነው። ልጁ መጥቶ ሳይነግሩት ገባውና ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ቁጭ አለ። ቢጮህ ይሻለን ነበር።

ለአንድ ኮምፒውተር ሠሪ ደወልን። ሳያየው፣ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ፣ «ዊንዶው ወድቆ ነው፤ አምጡትና ፎርማት ይደረግ» አለን። እታለም ቦርሳዋን አነሳች። እኔ እጇን ያዝኩ።

እዚህ ላይ ትምህርቴ ጠቀመኝ ብል አታምኑኝም። ዜና ስንማር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ነው፤ «ለምን?» የምትመጣው በመጨረሻ ናት። ምን እንደሆነ ሳታጣሩ ለምን እንደሆነ የሚነግራችሁን ምንጭ መጠርጠር ነው።

ችግሩ ማንን እንደምጠይቅ ነበር። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተቋረጠ ወራት አልፈውታል። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ኮምፒውተሬ አልነሳ አለ» ብሎ ይጽፍና መቶ ሺህ መልስ ይወርድለታል። እኔ ግን አዲስ አበባ ላለች የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩላትና እሷ ጎግል ሆነችልኝ። እሷ ከስክሪኗ እያነበበች፣ እኔ ጆሮዬ ላይ ስልክ ሽጬ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ... ካርድ ሁለት ጊዜ ሞላን።

የጀመርነው ከግድግዳው ነው። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰካን፤ ይሠራል። ዲቫይደሩን አለፍን፤ ይሠራል። የስታቢላይዘሩ መብራት በርቷል። ከሳጥኑ ጀርባ ያለችው የፓወር ሰፕላይ ማብሪያ አልጠፋችም። (በነገራችን ላይ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለ። እኛ አገር 230 ላይ መሆን አለበት። «እስቲ እሷን ልሞክር» ብሎ ወደ 115 ያዞረ ሰው አንድ የጥይት ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ድምፅ የለም።)

ከዚያ ስክሪኑ። ብዙ ሰው ሳጥኑ ሞተ ብሎ የሚያለቅሰው የስክሪኑ ገመድ ላልቶ ነው። የእኛ ስክሪን የራሱ መብራት አለው፤ «ኖ ሲግናል» ይላል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ «እኔ አለሁ፣ የሚልክልኝ ግን አጣሁ» ማለቱ ነው።

ሳጥኑን (ሁላችንም «ሲፒዩ» የምንለውን፤ ሲፒዩ እንኳን ውስጡ ያለችው ፕሮሰሰር ናት፣ ግን ማን ይሰማል) ከመብራቱ ነቀልነውና ማብሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭነን ያዝነው፤ ውስጡ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ሰካነው። ፋኑ ይሽከረከራል፤ ስክሪኑ ጥቁር።

ጎኑን ከፈትን። አቧራው! የበጋ የባሕር ዳር አቧራ፣ ከክረምት የተረፈ የሞተ ትንኝ፣ የሸረሪት ድር... በቀለም ብሩሽ ጠረግነው። ራሞቹን ነቅለን የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሳቸውን በላጲስ ጠረግን። ይህን ማንም የሰፈር ሠሪ ያውቀዋል፤ ጥርሱ ላይ የሚይዘው ዝገትና እድፍ ግንኙነቱን ስለሚያቋርጠው ብዙ «የሞተ» ኮምፒውተር በአንድ ላጲስ ተነስቷል። አንድ በአንድ እየሰካን ሞከርን። የእኛ አልተነሳም።

ከዚያ ጓደኛዬ አንድ ብልሃት አነበበችልኝ። ራሙን በሙሉ ነቅለሽ አብሪው አለችኝ። ጤነኛ ማዘርቦርድ ራም ሲያጣ ይጮኻል፤ «ጢጥ ጢጥ» እያለ ይከሳል (ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ ከአምራች አምራች ይለያያል)። የእታለም ማሽን ድሮ ሲነሳ አንድ ጊዜ «ጢጥ» ይል ነበር፤ ስለዚህ ድምፅ ማውጫ አለው። ራሙን ነቅለን አበራነው። ዝም። ስም የምትጠራው ራሷ ስም መጥራት አቁማለች ማለት ነው።

የስልኬን ባትሪ አብርቼ ማዘርቦርዱን አየሁት። ፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙት ትንንሽ በርሜሎች፣ ካፓሲተር የሚባሉት፣ ራሳቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ሦስቱ እንደ ጉልላት አብጠዋል። አንደኛው አናቱ ተሰንጥቆ ቡናማ ነገር ተፍቷል። ካፓሲተር ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ ሳይንቀጠቀጥ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ያብጣል። ከ1999 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ገደማ ይህ ነገር በዓለም ዙሪያ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር፤ በመጥፎ ፈሳሽ የተሞሉ ካፓሲተሮች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ማዘርቦርዶች ላይ ገብተው። ዴል ብቻውን ኦፕቲፕሌክስ ለሚባሉት ኮምፒውተሮቹ ጉዳት በ2005 እ.ኤ.አ. 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። (የእታለም ማሽን የእነሱ ሥሪት አይደለም፤ ሰው እንዳይታማ። እሱ ያረጀ ብቻ ነው።)

ያረጀውን የሚጥለው ደግሞ መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፤ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይስባል። ውኃው እኮ ከደጃችን ነው የሚነሳው! ጢስ ዓባይ አለ፤ በበለስ በኩል የጣና ውኃ በዋሻ ወርዶ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ፤ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋቱ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። ግን እታለም ጠረጴዛ ድረስ የሚመጣው ሜጋ ዋቱ ሳይሆን የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ የሚያደርሰው ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ገመዱን ንቀሉ፤ ሲመጣ ደግሞ አትቸኩሉ፤ ቡና እስኪፈላ ጠብቁ።

ለእታለም ነገርኳት፤ «ማሽኑ ሞቷል።» ተማሪው አንገቱን ደፋ። «ዲስኩ ግን አልሞተም» አልኩ። አላመኑኝም። እውነቴን ነው። ማዘርቦርድ ሲሞት ሃርድ ዲስክ አብሮ የሚሞትበት ምክንያት የለውም፤ ቤቱ ፈርሶ ሳጥኑ እንደተረፈ ቁጠሩት። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሳጥኑን ሙሉውን ወስዳችሁ ስትሰጡ፣ ቦርዱን ቀይሮ፣ ያንኑ ዲስክ ጠርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖበት፣ «ተሠርቷል» ብሎ የሚመልስላችሁ ሰው እጅ ላይ።

እና ሳጥኑን ትተን አራት ብሎን ፈታንና ዲስኩን ብቻ በነጠላ ጠቅልለን ወሰድን። ወዴት? ሦስት በር አልፎ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ልጅ አለ፤ የእሱ ዴስክቶፕ ጎን ዓመቱን ሙሉ እንደተከፈተ ነው። አጥፍቶ፣ ሁለቱን ገመድ (አንዱ የመብራት፣ አንዱ የዳታ) ሰክቶ እንደ ሁለተኛ ዲስክ አስነሳው። የዴስክቶፕ ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ በተራ የዩኤስቢ ገመድ አይነሳም፤ የላፕቶፕ ዲስክ ቢሆን ይነሳ ነበር።

የልጁ ኮምፒውተርም የራሱ ጣጣ አለው። ሲነሳ «ኤፍ 1 ተጫን» ይላል፤ ቀኑ 2009 ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃ ሰዓቱን አላስታውስ ብሏል። «የፈረንጅ ማሽን ሆኖ የሐበሻ ዘመን ሊቆጥር ፈልጎ ትንሽ አሳለፈው» አልኩት። ልጁ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ፤ ቀኑን ሳያስተካክል ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ወስዶ ሲከፍተው ድረ ገጹ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ እምቢ ይለዋል። የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ የሚያበቃበትም የሚጀምርበትም ቀን ስላለው፣ 2009 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር ሁሉም ገና ያልተወለደ ነው። ስንት ሰው ይሆን ባትሪ መቀየር ሲገባው ኔትወርክ ሲረግም የሚውለው?

አዲሱ ዲስክ ታየ። ፋይሉን ስንነካው «ፈቃድ የለህም» አለን፤ «ቀጥል» የምትለውን ተጭነን ትንሽ ጠበቅን። የመመረቂያው ጽሑፍ ዴስክቶፑ ላይ፣ እታለም የተወችበት ቦታ ነበር። ተማሪው ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጦ አንዱን ለእታለም ሰጣት። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «እታለም፣ ገጽ 43 ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ትቀራለች።»

የእሱ ካለቀ በኋላ የእታለምን ፋይሎች ማየት ጀመርን። አዲሶቹ ይነበባሉ። የቆዩት፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፉት፣ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብለው መጡ። እታለም «ይኸው ተበላሸ!» ብላ ደረቷን መታች። አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የአማርኛ ጽሑፋችን የላቲኑን ቦታ ተውሶ ነው የኖረው። «ሀ» ብለው የሚያዩት በትክክለኛው ፎንት ሲለብስ ብቻ ነው። የልጁ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት የለም፤ ፊልም የሚጭን ሰው ምን ያደርግለታል።

ፎንቱ የት ተገኘ? እዚያው አሮጌ ዲስክ ላይ፣ ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ፎንትስ ከሚለው ሥር። ገልብጠን ጫንነው። የዕድሩ ደንብ ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ እየተነበበ መጣ፤ እታለምም ከመክፈቻው ላይ አንድ የፊደል ግድፈት አይታ «ይህንንስ የተየብኩት እኔ አይደለሁም» አለች።