ግንደ ቆርቁር ፍለጋ ከልጅ ልጄ ጋር

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድኩ። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል፤ እኛ የገባነው በሰበታ በኩል ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከጽዱ፣ ከዝግባውና ከወይራው ሥር የጥር ብርድ ጋቢ ያስመኛል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወፍ ማየት ልማዴ ሆኗል። የዚያን ቀን የፈለግነው ግንደ ቆርቁር ነበር። በአገራችን የተለያዩ የግንደ ቆርቁር ዓይነቶች አሉ፤ ይህኛው ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር ሌላ ቦታ አይገኝም። 16 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ወፍ ነው፤ ጀርባው ወርቅማ አረንጓዴ፣ ደረቱና ሆዱ ሰረዝ ሰረዝ ያለበት። ወንዱ ማጅራቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ሴቷ ግን የላትም።

በጋ ለዚህ ፍለጋ ይመቻል። ጭቃ የለም፤ ቅጠል ላይ የሚወርድ ዝናብም ድምፅ አይሸፍንም። ዘዴው ማለዳ መውጣት፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ መፈለግና ከአጠገቡ ዝም ብሎ መቆም ነው። ግንደ ቆርቁር በዐይን ከመታየቱ በፊት በጆሮ ይገኛል።

“ማሙሽ፣ ዐይንህን ጨፍነህ በልብህ እስከ መቶ ቁጠርና የሰማኸውን ንገረኝ” አልኩት።

ብዙም ሳይቆጥር እጄን ጎተተኝ። “እማማ፣ የሆነ ነገር ያንኳኳል!”

እኔ ምንም አልሰማሁም። “የቱ ጋ?”

“እዚያ! አሁንም! አይሰማሽም እንዴ?”

ወዳሳየኝ ደረቅ ቅርንጫፍ መነጽሬን አነሳሁ። እውነትም አለ። ሁለት ጣቶቹን ወደ ፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ አድርጎ ግንዱን ጨብጧል፤ ጠንካራ ጭራውን እንደ ምርኩዝ ተደግፏል። ምንቃሩ እንጨቱን ሲመታ፣ ብናኙም ሲረግፍ አያለሁ። ድምፁ ግን የለም።

ልጁ “ይህ ዛፍ ደርቋል፤ ለምን አይቆርጡትም?” አለኝ። ትሎቹን የሚያገኘው፣ ጎጆውንም የሚቦረቡረው እንዲህ ባለ እንጨት ውስጥ እንደሆነ፣ እሱ ሲለቅም ራሳቸው መቦርቦር የማይችሉ ወፎች ቀዳዳውን እንደሚወርሱት ነገርኩት። አፌ ይናገራል፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነበርኩ። በእናት ሆድ ላይ በእንጨት ማዳመጫ የጽንስ ልብ ትርታ የሚለይ ጆሮ ነበረኝ። ስንቱን ታማሚ “ለምን ቶሎ አልመጡም?” ብዬ ተቆጥቻለሁ! ራሴ ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ስጨምር፣ “አቤት?” እያልኩ ስደጋግም፣ “ሰዉ ዛሬ ዛሬ አፉን ሞልቶ አይናገርም” እያልኩ በሰው ሳሳብብ ከርሜያለሁ።

ማታ ለልጄ ነገርኳትና በሳምንቱ ተመረመርኩ። ምርመራው አያምም፤ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ምልክት መስጠት ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ጆሮውን የደፈነው ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ሲወጣ ይገላገላል። የእኔ የዕድሜ ነው። የዕድሜው ብዙ ጊዜ በቀጫጭኑ ድምፅ ይጀምራል፤ የወፍና የሕፃናት ድምፅ ቀድሞ ይርቃል።

የካቲት ሊያልቅ ሲል የመስሚያ መሣሪያ አድርጌ ከማሙሽ ጋር ተመለስን። መጀመሪያ የገዛ እግሬ ኮቴ ረበሸኝ፤ ደረቁ ቅጠል ሁሉ ይንኮሻኮሻል። ከዛፉ አጠገብ ቆምን። በዚህኛው ዙር ዐይኔን ጨፍኜ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ቶክ። ቶክ ቶክ።

“ሰማሁት!” ስል ማሙሽ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ “ቀስ በይ እማማ፣ ይበራል” አለኝ።

ውድ አያቶች፣ በጋው ሳያልፍ ልጆቹን ይዛችሁ ወጣ በሉ። ልጁ የሰማውን እናንተ ካልሰማችሁ ደግሞ አትከራከሩት፤ ጆሯችሁን አስመርመሩ።