ጥርስ ባዳ ነው

የፍቅር ለቅሶ በዘፈን ሲመጣ ሁለት ዓይነት ነው እንላለን፤ ተቀምጠው የሚያለቅሱትና እየጨፈሩ የሚያለቅሱት። የመጀመሪያውን ማንም አያስተምረንም። ትዝታ የሚባል ቅኝት ያለን ሰዎች ነን! ክራሩ ገና ሲነካ አንገታችንን ደፍተን ብርጭቋችንን ማየት እንጀምራለን። ሁለተኛው ግን ያከራክረናል። ፍቅሩን ያጣ ሰው ምን ያስጨፍረዋል? እያሾፈ ነው እንዴ?

እስቲ አንዱን እንስማ። የስሞኪ ሮቢንሰንና የሚራክልስ «ዘ ቲርስ ኦፍ ኤ ክላውን»፤ በእኛ አፍ «የቀልደኛው እንባ» ብንለው ያስኬዳል።

ነገሩ የተጀመረው በ1966 የሞታውን ኩባንያ ባዘጋጀው የገና ግብዣ ላይ ነው። ያኔ 16 ዓመቱ የነበረው ስቲቪ ወንደር ከሃንክ ኮዝቢ ጋር የሠራውን ሙዚቃ ይዞ መጣ። ሙዚቃው አልቋል፣ ግጥም ግን የለውም። ለስሞኪ ሰጠው። ስሞኪ መግቢያውን ሲሰማ ትዝ ያለው ሰርከስ ነው። እውነትም ድንኳን ተተክሎ ሕፃናት የተሰበሰቡ ያስመስላል፤ ከሥር ደግሞ ባሱን የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ጉብ ጉብ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ዝሆንና ስለ ከረሜላ በጻፈ ነበር። ስሞኪ ያሰበው ግን ፓሊያቺን ነው፤ ሌዮንካቫሎ በ1892 ለመድረክ ያበቃውን ኦፔራ። እዚያ ውስጥ ሚስቱ የከዳችው ተዋናይ ፊቱን ተቀባብቶ ሕዝብ ሊያስቅ ይወጣል።

የዘፈኑ ሰውዬም እንደዚያው ነው። ፍቅረኛው ሄዳለች። ሰው ፊት ይስቃል፣ ብቻውን ሲሆን ያነባል። አማርኛ ይህን በሦስት ቃል ጨርሶታል፤ ጥርስ ባዳ ነው።

«ለምን ሞቅ አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለናል። ሞቅታው የሰውዬው ጥርስ ነው፣ ግጥሙ ሆዱ። ሙዚቃው አብሮት ቢያዝን ኖሮ ሰውዬው ወዲያው በታወቀበት ነበር። ጨዋታው ሁሉ እኛ እየጨፈርን እሱ ማልቀሱ ላይ ነው።

ደግሞ የዘፈኑ የራሱ ዕድል ከግጥሙ ጋር መመሳሰሉ! በ1967 በአልበም ወጣ፤ በነጠላ ሸክላ ሳይታተም ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ያነሱት እንግሊዞች ናቸው። በ1970 እዚያ በነጠላ ታትሞ መስከረም ላይ አንደኛ ሆነ። አሜሪካ የገዛ ልጇን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ በቢልቦርድ አንደኛ ወጣ። ቡድኑን ሊለቅ አስቦ የነበረው ስሞኪም እስከ 1972 ቆየ። ያ ሁሉ እንባ ሦስት ዓመት ሙሉ አልበሙ ውስጥ ነበር እኮ!

ሰውም እንዲሁ ነው። በየጓደኛ ቡድኑ አንድ አለ። ልጅቷ ጥላው ከሄደች በኋላ ቀልዱ የበዛ፣ ሰርግ ላይ እስክስታውን ከሁሉ በላይ የሚወርደው፣ ሒሳብ ለመክፈል የሚሽቀዳደመው። «እሱማ ረስቷታል» ይባላል። ያለቀሰ ሰው ቡና ይፈላለታል፣ ወዳጅ ይሰበሰብለታል፣ «ጊዜ ይፈውሳል» ይባልለታል። ለሳቀ ሰው ማን ቡና ያፈላል?

ታዲያ ሳቁን እንንጠቀው ወይ? አይመስለንም። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ማለት ሁልጊዜ ውሸት አይደለም፤ አንዳንዴ ነገ ሥራ የሚገባ ሰው እግሩን የሚያቆምበት ምርኩዝ ነው። ትዝታ ተቀምጦ ለማልቀስ ጊዜ ላለው ነው። ጊዜ የሌለው ደግሞ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይጨፍርና ይወጣለታል። ይጨፍር! መሃል ሜዳ ላይ አስቁሞ «ንገረኝ፣ ውስጥህ ምን አለ?» ማለት ቁስል ላይ መቆም ነው።

ከግብዣው ሲወጣ ግን አብሮት የሚሄድ አይጥፋ። ስለሷ ማንሳት አያስፈልግም፤ ስለ ኳስ እያወሩ በሩ ድረስ ማድረስ ይበቃል። የስሞኪ ቀልደኛ የሚያለቅሰው ማንም በሌለበት ነው። እንግዲህ ሰው ይኑራ።