ቮልሷ ስታስነጥስ

መኪና በአፏ ስታስነጥስና በጭራዋ ስትተኩስ በሽታዋ አንድ አይደለም። ይህን የሰማሁት የጁቤ መንገድ ዳር አንዲት ቮልስ ላይ ካጎነበሰ መካኒክ ነው። (ቮልስ ላይ አፍም ጭራም ከኋላ መሆናቸው ነገሩን አያቀልለውም።) ከቦት የቆመው ሰው ግን ምርመራውን ጨርሶ ፍርድ እየሰጠ ነበር። «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» ይላል አንዱ። «ካንዴላ ነው!» ይላል ሌላው። አብዛኛው ጥፋቱን ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በመጣው ካርብራተር ላይ ያላክካል። ከአባይ ማዶ የመጣ ዕቃ እየተገላበጠ ሲፈተሽ የኖረበት አገር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜኑ አሞሌና የእናርያ ቡና የሚገናኙት እዚሁ ባሶ ገበያ ነበር።

እውነትም ጣጣው የጀመረው አሮጌው ሶሌክስ ወርዶ ይኼኛው ከገባ ወዲህ ነው። ቤንዚን ሲረገጥ «ጧ!» ይላል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ማንንም አያስቅም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ኧረ ልጄ፣ አጥፋልን!» አሉት።

አልቸኮለም። በካርብራተር በኩል ማስነጠስ ብዙውን ጊዜ አየር በዝቶ ቤንዚን ሲያንስ የሚመጣ ነው። የሳሳው ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ የማስገቢያው ቫልቭ ሲከፈት እሳቱ ገና አልጠፋም፤ በመጣበት ይመለሳል። በማርሚታ ሲተኩስ ደግሞ ሳይነድ ያለፈ ቤንዚን እዚያ ደርሶ ፈንድቶ ነው። ታይሚንግ ከተዛባ በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል።

የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስቶ የሳሙና ውሃ ሞልቷል። ሞተሩ እየሠራ ካርብራተሩ የተቀመጠበትን ዙሪያውን ጠብ ጠብ አደረገበት። አንደኛው ጥግ ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ተስቦ ጠፋ፤ የሞተሩም ድምፅ ለአፍታ ተስተካከለ። ሲፈታው ጓርኒሲዮኑ ከደብተር ሽፋን የተቆረጠ ነው! ከማባዣ ሰንጠረዡ የሰባት ቤት ገና ይነበባል። ከካርብራተሩ ወደ ዲስትሪቡተር የምትሄደው ቀጭን ጎማም ጭራሽ አልተሰካችም። የሶማሌ ተራው ዕቃ በነጻ ተሰናበተ፤ ፍርድ ሲሰጡ የነበሩት ግን አንዳቸውም ይግባኝ አላሉም፣ ወደ ገበያቸው ተበተኑ።

ደህና ጓርኒሲዮን ገብቶ፣ ጎማዋም ተሰክታ ሞተሩ ረጋ። የቀረው ቪቱን ለአገሩ አየር መለካት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለቆላ የተለካ ካርብራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ለደጋ የተለካው ደግሞ አባይ በረሃ ሲወርድ ያሳንሳል።

«ጋሼ» አላቸው ባለቤቱን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ከደጀን ቁልቁል ሲወርዱ ትንሽ ታስነጥስ ይሆናል። ድልድዩ ጋ ማንም አውቃለሁ ባይ ቪቱን እንዳይነካብዎ። ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ራሷ ትተዋለች።»