የቅቤ ተራ

ሆሳዕና ስደርስ ባጃጁ ያወረደኝ ፎቅ መሃል ነው። ግማሹ መስታወት የለበሰ፣ ግማሹ ብረቱ ሰማይ ላይ እንደቆመ የቀረ። «ይሄ ሁሉ የደቡብ አፍሪካ ነው» አለኝ ባለባጃጁ። እዚያ ሄደው ሱቅ የከፈቱ የሀዲያና የከምባታ ልጆች የላኩት ገንዘብ ማለቱ ነው።

ለእኔ ጥሩ አቀባበል አልነበረም። ስለ ሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ ብዙ አንብቤ፣ በግንብ የታጠረ አሮጌ ሰፈርና ጠመዝማዛ መተላለፊያ በዓይኔ ላይ እየዞረ ነበር የመጣሁት። ሆሳዕና ግንብ የላትም። ቀድሞ ዋቸሞ ይባል በነበረ ቦታ ላይ ተቆርቁራ ስሟን ከሆሳዕና በዓል የወሰደች፣ ከመቶ ዓመት ጥቂት የዘለለች ከተማ ናት። ከተማዋ ያለችበት ሀዲያ ግን የዘርዓ ያዕቆብ ሚስት እቴጌ እሌኒ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወጣችበት አገር ነው። ይሄ ዕድሜ የት ተደብቋል?

መንገድ ያሳየኝ አፍንጫዬ ነው። ከገበያው በታች በኩል ኮምጠጥ ያለ የቆጮ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ የቅቤ። ተከትዬው ስገባ ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረው፣ ቅቤው በኮባ ቅጠል ላይ ተድቦልቡሎ፣ ቆጮው በኮባ ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሮ አገኘሁት። አሮጌው ሰፈር ይሄ ነበር። እንሰት ተተክሎ ለዓመታት ይጠበቃል፤ ከተፋቀ በኋላ ደግሞ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። እንኳን ፎቅ፣ ግንብም ይህን ያህል ትዕግሥት አይጠይቅም።

ቡላ ልግዛ ብዬ ዋጋ ስጠይቅ ሻጯ እናት ሳቁብኝ።

«ሳታየው ዋጋ? ና ልጄ፣ እጅህን አምጣ።»

ቁንጣሪ ነጭ ሊጥ መዳፌ ላይ አኖሩ። «በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል ፈትገው። ቃጫ ከተሰማህ ተወው።»

ፈተግኩት። እንደ ቅባት ተንሸራተተ። «ምንም አይሰማኝም እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲህ አሁን ዋጋ ጠይቅ!»

ቡላ በወተትና በብዙ ቅቤ እየተማሰለ አተካና ይሆናል፤ በያሆዴ፣ ማለትም በሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ከገበታ የማይቀር ምግብ ነው። እኔ በተራ ቀን በልቼው ከወንበሬ ለመነሳት ጊዜ ፈጀብኝ።

በማግስቱ ወደ ከምባታዋ ዱራሜ ወረድኩ። አንጋጫን አልፈን ስንጠጋ ሃምበሪቾ ተራራ ከከተማዋ በላይ ተገተረ። ወደ ጫፉ የሚያወጣው ደረጃ 777 ነው። ሶስት መቶው ላይ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት፤ ልጆች ግን እየሮጡ ያልፉኝ ነበር። ዱራሜ ገበያም ያው ኮባ፣ ያው ቃጫ፣ ያው ሽታ፤ ቋንቋው ብቻ ተለውጧል። የከምባታዎቹ በዓል ደግሞ መሳላ ይባላል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ቡላዬን እግሬ ሥር አስቀምጬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቡታጅራ ሳንደርስ ሽታው መኪናውን ሞላው፤ ተሳቀቅኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«የሆሳዕና ነው?»

«አዎ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው! በስንት ገዛኸው?»

ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «አላታለሉህም» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።