አፈር የሌለው አትክልት

ትናንት ማታ አንድ ብርጭቆ ፊት ቁጭ ብዬ አመሸሁ። ውስጡ በውሃ ያቀጠንኩት ሶዲየም ሲሊኬት አለ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ጠጠር ጣልኩበት። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከጠጠሯ ጎን ቀጭን ቡቃያ ብቅ አለ፤ ተጣመመ፣ ቀና አለ፣ ሽቅብ ሄደ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ፤ አሁንም ሻዬ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል።

ጀርመናዊው ኬሚስት ዮሃን ግላውበር ይህን የመሰለ ነገር እ.ኤ.አ. በ1646 ጽፎታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጠጠሯ መሟሟት ስትጀምር ከሲሊኬቱ ጋር በተገናኘችበት ሁሉ ስስ ገለፈት ይሠራል። ገለፈቱ ውሃ ያስገባል፤ የሟሟውን ጨው ግን አያሳልፍም። ውሃው እየገባ እየገባ ይወጥረውና ይፈነዳል። የወጣው ፈሳሽ በዙሪያው ካለው ስለሚቀል ወደ ላይ ይነሳል፤ በሄደበት ሁሉ ዙሪያው ወዲያው ይጠጥርና ቱቦ ይሆናል። ይዘጋል፣ ደግሞ ይፈነዳል። ቱቦውን የቀረጸ እጅ የለም። የእኔ ድርሻ ጠጠሯን መጣል ብቻ ነበር።

በፈረንሳይ የናንት ከተማ ሐኪም ስቴፋን ለዱክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እነዚህን ቱቦዎች እያሳደገ፣ የሕይወት አጀማመር በዚህ መንገድ ይገለጣል ብሎ አመነ። ተሳስቷል፤ ቡቃያዬ ዘር አይሰጥም። ግን አንድ ማታ ከብርጭቆ ፊት የተቀመጠ ሰው አይፈርድበትም።

እኔን ዛሬ የሚያስገርመኝ ግድግዳው ነው። የቱቦው ውጫዊ ገጽ ሲሊካ ይበዛዋል፣ ውስጡ ደግሞ የመዳብ ሃይድሮክሳይድ። ሲሞቅ ሃይድሮክሳይዱ ውሃውን ያጣና ጥቁር የመዳብ ኦክሳይድ ይሆናል። በሚሊዮን የተከፈለ ሚሊሜትር፣ ማለትም በናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶች ያለ ሻጋታ ተደርድረው ቱቦ ሠሩ ማለት ነው። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኦሊቨር ስታይንቦክ ቡድን ጠጠር መጣሉን ትቶ የጨው ውሃውን በቀጭን ቀዳዳ በልክ እየገፋ ቱቦዎቹን አሳድጓል። የፍሰቱን ፍጥነት ሲቀይሩ እድገቱም ይቀየራል። አድናቆቴ እዚህ ላይ ነው፦ ኬሚስቱ አይቀርጽም፣ ሁኔታውን ያመቻቻል እንጂ፤ ገበሬ ውሃ እንደሚመራው።

በኬንያ የስምጥ ሸለቆ ካለው ከሶዳማው የማጋዲ ሐይቅ በተቀዳ ውሃም ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ አትክልት አብቅለዋል። ያ ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የእኛን ሻላ ያገኛል፤ እሱም ሶዳማ ነው። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ከሻላ ዳር አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ፣ ጠጠር ጥሎበት ቁጭ ብሎ ቢያይልኝ ብዬ እመኛለሁ። የሆነውን ጻፉልኝ፤ ምንም ባይበቅል እንኳ።