የትከሻ ልክ

ጋራንድ የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ አንድ ክፉ አመል አለው። ስምንቱን ጥይት ከነብረት ማቀፊያው በአውራ ጣት ተጭኖ ከላይ የሚያጎርሰው ሰው እጁን ቶሎ ካላነሳ፣ ወደ ኋላ ተስቦ የቆመው ብረት ተወርውሮ ይመጣና ጣቱን ይቀረጥፈዋል። መመሪያው «እጀታውን በመዳፍህ ጠርዝ ደግፍ» ይላል። ወታደር ግን መመሪያ የሚያምነው ጥፍሩ ከጠቆረ በኋላ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ላይ ለኮሪያ ጦርነት ዘምተው ከመርከብ የወረዱት የኢትዮጵያ ክብር ዘበኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ከዚህ መሣሪያ ጋር የተዋወቁት በአውራ ጣታቸው ሳይሆን አይቀርም።

አገር ቤት የለመዱት ሌላ ነበር። ከነፃነት በኋላ ጦሩን ያደራጀው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ስለነበር፣ የእንግሊዙ ጠመንጃ ለክብር ዘበኛ ሰው እንግዳ አልነበረም፤ አሥር ጥይት ይጎርሳል፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ይቀባበላል። ቀኝ እጅ ተኩሶ፣ ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ተመልሶ ምላጭ ላይ የሚያርፍበት ስልት በወራት ልምምድ የሚገባ ነው። ጋራንዱ ይህን ሁሉ ራሱ ይሠራል። ታዲያ የሠለጠነ እጅ ሥራ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ለተወሰነ ጊዜ አየሩን ይስባል። ከዚያ ይለምዳል። የጦር ግንባር ሳይደርሱ በአሜሪካ መሣሪያ ዳግመኛ የሠለጠኑበት ሳምንታት ግማሽ ሥራ አዲስ ማስተማር ቢሆን፣ ግማሹ አሮጌውን ማስረሳት መሆኑ ግልጽ ነው።

የቃኘው ሰዎች ከመዝመታቸው በፊት ስምንት ወር ያህል የሠለጠኑት በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የኮሪያ መሬት ተራራማ ነው መባሉ ነበር። የጉለሌ ሰው ተራራ ሲባል የሚመጣበት እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው ዳገቱ ማንንም አያከብርም። ቃኘው ከተዋጋባቸው የኮሪያ ኮረብቶች አንዱ 602 ይባል ነበር፤ ቁጥሩ ከፍታው በሜትር ነው። የእንጦጦ ጫፍ ግን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ኮሪያዎች ተራራ ያሉትን እኛ ምን ብለን እንደምንጠራው ለአንባቢ ልተው።

ይህ የከፍታ ልዩነት ከትንፋሽ ሌላ ጠመንጃንም ይነካል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በ3 ሺህ ሜትር ያለው አየር በ600 ሜትር ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ጥይት እንጦጦ ላይ ብዙም ሳይደክም ይሄዳል፣ ቆላ ወርዶ ደግሞ ቶሎ ይዝላል። መቶ ሜትር ላይ ማንም ልብ አይለውም። አምስት መቶ፣ ስድስት መቶ ሜትር ሲደርስ ግን ደጋ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ቆላ ላይ ዝቅ አድርጎ ይመታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሦስት ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሶ የተሰበሰቡበትን ማየት፣ ከዚያ በጋራንዱ ግራ ጎን ያለችውን ክብ ቁልፍ ማዞር። ቁልፏ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ስትል የጥይቱ ማረፊያ በመቶ ያርድ ላይ አንድ ኢንች ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የቀኟ ቁልፍ ደግሞ ለነፋስና ለጎን ናት። ሁለት ቁልፍ፣ ሦስት ጥይት፣ አንድ ወረቀት። ጠመንጃው የመንግሥት ነው፤ የቀጭታው ቁጥር ግን የባለቤቱ ነው፣ ለጓደኛ ቢያውሱት አይሠራም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የኮሪያ ብርድ ዘይት ያረጋል፤ የረጋ ዘይት የጠመንጃን ብረት ይይዛል። እንጦጦ ሥር ጠመንጃውን አብዝቶ ቀብቶ የሚመሰገን ጎበዝ ወታደር፣ እዚያ አብዝቶ በመቀባቱ ይወቀሳል። ካፖርትም ሲደረብ ሰደፉ ከትከሻ ይርቃል፣ ጉንጭ የለመደበት ቦታ ይጠፋል፣ ማንገቻውም ያጥራል። በበጋ ልክ የሆነ መሣሪያ በክረምት የሌላ ሰው ይመስላል።

ጠመንጃንና ሰውን የማስማማት ጣጣ የተጀመረው ግን ኮሪያ ላይ አይደለም። ሥሩን የሚፈልግ ሰው ከጉለሌ ወደ ላይ እንጂ ወደ ባሕር መሄድ የለበትም። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ከተማቸው እንጦጦ ላይ ሳለ፣ አዲስ አበባም ገና በዚያው ዓመት ስትቆረቆር፣ አንድ ከሲታ ፈረንሳዊ ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ በኩል ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ መጣ። አርተር ራምቦ ይባላል። ግጥም መጻፉን ከተወ ቆይቷል፣ ነጋዴ ሆኗል። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንዳስረዳው፣ ሸቀጡ አውሮፓ ውስጥ ከተጣለ አርባ ዓመት የሆነው፣ በሊዬዥ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገኝ ጠመንጃ ነው፤ ለሸዋ ንጉሥ ግን በአርባ ፍራንክ ሊሸጠው አስቧል።

አስቦ ነበር። ምኒልክ ዋጋውን ሰበሩት፤ የሟች ሸሪኩ የላባቱ አበዳሪዎችም ከበው ያዙት። የተረፈችውን ገንዘብ ሐረር ወርዶ ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። መኮንን ማለት ኋላ ራስ መኮንን ናቸው፤ የጦር ፈረሳቸው ስም ቃኘው ነበር። ለራምቦ አሮጌ ጠመንጃ የከፈለው ሰው የፈረስ ስም ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ኮሪያ መዝመቱን ታሪክ ሆን ብሎ ያደረገው አይመስልም፤ ግን አደረገው።

በዚያ ዓይነት ጠመንጃ መሠልጠን ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። ባሩዱ በአፈሙዝ በኩል ይገባል፤ መጠኑን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ሲበዛ ትከሻ ይሰብራል፣ ሲያንስ አረሩ ከባለቤቱ እግር ብዙም አይርቅም። ጥይትና ባሩድ አንድ ላይ የሚሄዱበት ውጅግራ ሲመጣ ይህ ቀረ፤ ግን ጥይቱ ውድ ሆነ። እንዲያውም ጥይት ገበያ ላይ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይዞር ነበር፤ በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ መልስ ሆኖ ይሰጣል። ገንዘብ ወደ ኢላማ ተኩሶ ልምምድ የሚያደርግ ማን አለ? ስለዚህ የዚያን ዘመን ተኳሽ ቀለሁን ሳይጥል ለቅሞ ዳግመኛ ያስሞላል፣ ልምምዱንም አደን ላይ ያደርጋል፤ አደን ላይ የሳተ ጥይት ቢያንስ ወሬ ይዞ ይመለሳል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ጠመንጃ ሁሉ አንድ ቦታ ቢከመር የአውሮፓ የመሣሪያ ሙዚየም ይሆን ነበር። የፈረንሳይ ግራ፣ ሬሚንግተን፣ የሩሲያ በርዳን፣ እና ራሷ ጣሊያን በወዳጅነት ዘመን የሰጠችው ቬተርሊ። ዝናሩ እንደ ጠመንጃው ይለያያል፤ የጎረቤትህ ጥይት ያንተ ጠመንጃ ውስጥ አይገባም። ያ ሠራዊት ባዶ የሆነን ዝናር ከጎኑ ካለው ወንድሙ መሙላት ሳይችል አሸንፏል። ይህ ጸሐፊ ስለ አድዋ የሚነገረው የጀግንነት ታሪክ ላይ የጥይት ማደሉን ሥራ የሚጨምር ቢኖር ደስ ይለዋል፤ ጀግንነቱ አይቀንስም፣ ይጨምራል እንጂ።

ተመሳሳይ ጠመንጃ ለተመሳሳይ ወታደር የሚለው ሐሳብ በደንብ የመጣው ቤልጅጎች ሲመጡ ነው። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የቤልጅግ መኮንኖች ክብር ዘበኛውን ማሠልጠን ጀመሩ፤ ጠመንጃውም ቤልጅግ ተባለና ስሙ እስካሁን በገጠር አልጠፋም። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ስዊድኖች ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዓመት ከምናምን ሳይሞላ ጣሊያን መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ዓመት ሥልጠናም ሆነ የመሣሪያ ምርጫ አልነበረውም፤ አርበኛ የሚይዘው የገደለውን ሰው ጠመንጃ ነው። የጣሊያኑ ምንሽር የተመረጠው ስለበለጠ አይደለም፣ ጥይቱ ጠላት ወገብ ላይ ስለሚገኝ ነው። ከዚህ የተሻለ የመሣሪያ መምረጫ ምክንያት አውሮፓ ውስጥ ባሉ ኮሌጆችም የሚሰጥ አይመስለኝም።

ወደ ኮሪያ እንመለስ፤ የነገሩ ጥሩ ክፍል እዚያ ነው። ቃኘው የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ውስጥ ገብቶ ተዋጋ። ከ120 በላይ ሰው ሞተበት፣ ምርኮኛ ግን አልሰጠም። ስሙን ያስጠራው የሌሊት ቅኝት ነው፤ ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ «ፖርክ ቾፕ ሂል» በሚለው መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያውያኑ ቅኝት በአድናቆት ጽፏል።

ሌሊት ለቅኝት የሚወጣ ሰው መሣሪያውን የሚያስተካክለው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። የማንገቻው ዘለበት ከሰደፉ ጋር ይጋጫል፤ ይታሰር ወይም ይውለቅ። ኮዳው ግማሽ ከሆነ ውኃው ይንቦጫቦጫል፤ ወይ ይሙላ ወይ ይቅር። ደረት ላይ ያለው የስም ብረት ይንቃጨላል፤ በፕላስተር ይጠቅለል። ጋራንዱ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ይመዝናል፤ ካርባይኑ ሁለት ኪሎ ከግማሽ አይሞላም። ቀላል ነው ብሎ ካርባይን የመረጠ ግን ሌላ ወሬ ይሰማል፤ ብርድ ላይ ይነክሳል፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ላይ ጉልበቱ ያንሳል የሚለው አቤቱታ በአሜሪካኖቹ ዘንድ የታወቀ ነበር። ጋራንድ ደግሞ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ባዶ ማቀፊያውን «ፒንግ» ብሎ ይተፋል፤ ጠላት ያንን ሰምቶ ይነሳብሃል የሚል ተረት አለ። ከሃያ ጠመንጃና ከቦምብ ጩኸት መሀል ያቺን ድምፅ ለይቶ የሚሰማ ጠላት ካለ፣ ጆሮው ለሙዚቃ ቢውል ይሻል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካና ኢትዮጵያ የመከላከያ ስምምነት ሲፈራረሙ የአሜሪካ መሣሪያ ወደ አገር ቤት በብዛት መግባት ጀመረ። ጋራንዱም መጣ። ሌላ ትውልድ ጥፍሩ ጠቆረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉም ተገለበጠ። ከጉለሌ ወደ ምዕራብ ብዙ ሳይርቅ ታጠቅ ጦር ሰፈር ውስጥ በጥቂት ወራት ብዙ ሺህ ሚሊሺያ ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን ወረደ፤ አሜሪካኖቹ ወጥተው ሶቪየቶች ገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ዘመኑ የክላሽ ሆነ። ክላሽ ጣት አይቆርጥም፣ ሰደፉ አጭር ነው፣ ጭቃ ቢገባበት አያኮርፍም። ትከሻን ብዙ አይጠይቅም። ሠልጣኙን በወራት ማውጣት የተቻለውም በከፊል በዚህ ነው፤ ጠመንጃው ለሰው ስለተስተካከለ ሰውየው ለጠመንጃው መስተካከል ቀረለት።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በግል ጠመንጃ መፈተሽና ማስተካከል የሚባል ነገር ብዙ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። እንጦጦ ላይ ንጋት የሚለማመዱት ሯጮች ናቸው፤ ስለ ሰደፍ ሳይሆን ስለ ሶል ይጨቃጨቃሉ።

የሯጩም ነገር ግን ከክብር ዘበኛው ጓዳ የወጣ ነው። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ከማሸነፉ በፊት ኮሪያ ደርሶ የመጣ ወታደር ነበር። አበበ ቢቂላም የክብር ዘበኛ ሰው ነው፤ ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ የቀረበለት አዲስ ጫማ አልተስማማውም፤ በልምምድ የለመደው ባዶ እግር ነበርና ጫማውን ትቶ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ዓለም በባዶ እግሩ ተገረመ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ነጭ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። የባዶ እግሩን ነገር ተረት አድርገው ሲተርኩ የከረሙት ጋዜጠኞች ቅር ሳይላቸው አልቀረም።